የኡጋንዳና የታንዛኒያ የነዳጅ ቧንቧ፦ ለተማሪዎቼ ምን ብዬ ላስረዳ?

የማርቆሱ መምህር (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ማርቆስ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቼ በሁለት ቡድን ተከፍለው የሚከራከሩበትን ርዕስ እንድመርጥ ተጠይቄ፣ ከኡጋንዳ ሆይማ ተነሥቶ በታንዛኒያ ታንጋ ወደብ አጠገብ የሚያበቃውን የድፍድፍ ነዳጅ ማስተላለፊያ ቧንቧ መረጥኩ። ጉዳዩ ከእኛ የራቀ ስለሆነ ልጆቹ በስሜት ሳይያዙ ጥቅሙንና ጉዳቱን ይመዝናሉ የሚል ግምት ነበረኝ፤ ግምቴ ግን በመጀመሪያው ቀን ፈረሰ።

ጉዳዩን በቅርብ ላልተከታተላችሁ ያህል፣ በአልበርት ሐይቅ አካባቢ ለንግድ የሚበቃ ነዳጅ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ቧንቧው 1,443 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ሲሆን፣ 296 ኪሎ ሜትሩ በኡጋንዳ፣ ቀሪው በሙሉ በታንዛኒያ መሬት ያልፋል። በሙሉ አቅሙ ሲሠራ በቀን 246,000 በርሜል እንዲያስተላልፍ ታስቧል። ከድርሻው 62 በመቶው የፈረንሳዩ ቶታል ኢነርጂስ፣ 8 በመቶው የቻይናው ሲኖክ ሲሆን፣ ሁለቱ መንግሥታት በየነዳጅ ድርጅቶቻቸው አማካይነት እያንዳንዳቸው 15 በመቶ ይዘዋል። ድፍድፉ ሰም የበዛበት በመሆኑ ካልሞቀ ይረጋል፤ ስለዚህ ቧንቧው ከጫፍ እስከ ጫፍ በኤሌክትሪክ እየሞቀ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ መቆየት ይኖርበታል። ይህን ስነግራቸው አንዱ ተማሪ «እንደ ጮቄ ቅቤ ነዋ» አለ፤ ከዚያ ወዲህ በክፍላችን ቧንቧው የሚጠራው በዚሁ ስም ነው።

የደጋፊው ቡድን ክርክር በአጭሩ የፍትሕ ጥያቄ ነው። የአውሮፓ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ፕሮጀክቱን የሚነቅፍ ውሳኔ ሲያሳልፍ፣ የኡጋንዳ ባለሥልጣናት ይህ አዲስ ቅኝ አገዛዝ ነው ሲሉ መልሰዋል፤ ልጆቹም ከመቶ ዓመት በላይ ነዳጅ አንድደው የበለጸጉ አገሮች ዛሬ ድሃውን «አንተ ተው» የማለት መብት ከየት አገኙ ብለው ይጠይቃሉ። የተቃዋሚው ቡድን በበኩሉ የቁፋሮው ከፊል በመርቺሰን ፏፏቴ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ መሆኑን፣ ከቧንቧው ርዝመትም ሲሶ ያህሉ በቪክቶሪያ ሐይቅ ተፋሰስ ማለፉን፣ ነዳጁ ሲቃጠል ወደ አየር የሚለቀቀውንም ጋዝ ያነሣል።

ክርክሩ በዚህ መልኩ እየሄደ ሳለ፣ አባቷ የነዳጅ ቦቴ የሚነዳ አንዲት የደጀን ልጅ እጇን አውጥታ፣ «አባቴ ዓባይ በረሃን በሚወርድበት ሌሊት እናቴ አትተኛም፤ ቧንቧ ቢኖር ትተኛ ነበር። ግን አባቴ ምን ሠርቶ ይበላ ነበር?» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ እኔም የምመልሰው አጣሁ። ከእናንተ መካከል ሥራውን፣ መሬቱን ወይም ገንዘቡን የሚያውቅ ካለ እንዴት እንደሚመዝነው ቢነግረኝ ውለታ ነው።


ጎሐ ማዶ

መምህር፣ ያቺን ልጅ እግዚአብሔር ያሳድጋት። እኔ ከጅቡቲ ባሕር ዳር ሃያ ሁለት ዓመት ነዳጅ አመላልሼ በጡረታ የተገለልኩ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ከሥራው በኩል ያለውን ልናገር።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ላይ ፍሬን አይታመንም፤ ሰውን የሚያወርደው ማርሽ ነው። ሸራው ሲግል የሚወጣውን ሽታ ያወቀ ሰው በሕይወቱ አይረሳውም። ረዳቴ በእያንዳንዱ ማቆሚያ ከጎማው ሥር ድንጋይ ሳያስገባ ከመኪናው ርቆ አያውቅም ነበር። አንድ ጊዜ ከፊቴ ይሄድ የነበረ ቦቴ መታጠፊያ ላይ ተገልብጦ ቤንዚኑ በቦዩ ሲወርድ፣ ከየት መጣ ያልተባለ ሰው ጀሪካንና ባልዲ ይዞ ተሰበሰበ። ሴቶቹን በልጆቻችሁ፣ ሽማግሌዎቹን በታቦቱ እያልን ብንለምንም የሰማን አልነበረም። በዚያ ቀን እሳት ያልተነሣው በእኛ ብልሃት እንዳልነበር አውቃለሁ።

ስለዚህ ቧንቧ ከቦቴ ይሻላል የሚለውን ክርክር አልቃወመውም፤ ስሌቱም ይኸው ነው። አንድ በርሜል 159 ሊትር ነው፤ 246,000 በርሜል 39 ሚሊዮን ሊትር ይሆናል። እኔ ከነተሳቢው እጭን የነበረው 45,000 ሊትር ገደማ ነው። ያን ያህል ድፍድፍ በመኪና ይሂድ ቢባል በየቀኑ ወደ 870 ቦቴ ይጠይቃል፤ በዚያ ላይ ባዶውን የሚመለሰውን ቁጠሩ።

ነገር ግን አንድ ነገር እንዳይደበላለቅባችሁ እሻለሁ። እኛ ጎጃም ውስጥ ቧንቧ ሲባል የሚታየን ናፍጣና ቤንዚን ወደ አገር የሚያስገባ መስመር ነው። እንዲህ ዓይነቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ከጅቡቲ እስከ አዋሽ 550 ኪሎ ሜትር፣ በ1.55 ቢሊዮን ዶላር ሊዘረጋ ስምምነት ተፈርሞለት ሳይሠራ ቀርቷል። የኡጋንዳው ግን ድፍድፉን ወደ ውጭ የሚያወጣ ነው። በቀን 60,000 በርሜል ያጣራል የተባለው ማጣሪያ ቆሞ ሥራ እስኪጀምር ድረስ፣ ነዳጁ በጓሮው የሚያልፈው ገበሬ ላምባውን የሚገዛው ከውጭ የገባውን ነው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ አይደለም?

ስለ ሹፌሩ እንጀራ ለተጠየቀው፣ በመንገዱ ላይ የሚኖረው ሹፌሩ ብቻ አይደለም። ጎሚስታው፣ ምግብ ቤቱ፣ አልጋ አከራዩ፣ ሌሊት መኪና የሚጠብቀው ልጅ ሁሉ በቦቴ ይኖራል። ቧንቧ በግንባታው ወቅት ሺዎችን ይቀጥራል፤ ካለቀ በኋላ ግን ጥቂት ቴክኒሻንና ጥበቃ ይበቃዋል።


የጣና ዳር

ጋሼ ጎሐ ማዶ የጻፉትን በአክብሮት አንብቤአለሁ። ሙያዬ የውኃ ምህንድስና ነው፤ በባሕር ዳር እኖራለሁ። ወደ ውስጥ የሚያስገባው ቧንቧ ከሚያወጣው የተለየ ነው ያሉት በጥቅም በኩል እውነት ቢሆንም፣ በአደጋ በኩል ግን ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም።

በናይጄሪያ ዴልታ በኦጎኒ ምድር የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት፣ በአንድ ቀበሌ የጉድጓድ ውኃ ውስጥ ካንሰር የሚያመጣው ቤንዚን የተባለው ኬሚካል (ከመኪናው ቤንዚን ጋር አይምታታ) የዓለም ጤና ድርጅት ከሚፈቅደው ከ900 ጊዜ በላይ በልጦ ተገኝቷል። በአካባቢው በከርሰ ምድር ውኃ ላይ የተንሳፈፈው ነዳጅ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ነበረው፤ ይህም ድፍድፍ ሳይሆን በአጠገቡ ከሚያልፍ ቧንቧ የፈሰሰ የተጣራ ነዳጅ ነው። ሼል ከኦጎኒ ቁፋሮውን ያቆመው በ1993 ቢሆንም ቧንቧዎቹ ማለፋቸውን ቀጥለው ነበር፤ አካባቢውን ማጽዳት ደግሞ ከ25 እስከ 30 ዓመት ሊወስድ እንደሚችል ጥናቱ ገምቷል። ጋሼ ያዩት የጀሪካን ሰልፍም በዚያው አገር ጄሴ በተባለ ስፍራ በጥቅምት 1998 እጅግ በከፋ መልኩ ደርሷል፤ ከቧንቧ የፈሰሰ ቤንዚን ተቀጣጥሎ ከሺህ ሰው በላይ አልቋል።

አብዛኛው ሰው ቧንቧ ቢፈስ ወዲያው ይታወቃል ብሎ ያስባል። አሠራሩ በመርህ ደረጃ ቀላል ነው፤ በአንድ ጣቢያ የገባው መጠንና ግፊት በሚቀጥለው ከወጣው ጋር ይነጻጸራል። ችግሩ ግን መለኪያዎቹ ራሳቸው ጥቂት ስለሚዋዥቁ፣ ከጠቅላላ ፍሰቱ አንድ በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በታች የሆነው ቀስ ያለ ፍሳሽ በልዩነቱ ውስጥ ተደብቆ ሊቀር መቻሉ ነው። በጋሼ ስሌት ብንሄድ፣ ከ246,000 በርሜል አንድ በመቶ ማለት በየቀኑ ወደ ዘጠኝ የሚጠጋ ቦቴ ማለት ነው።

ትልቅ ስንጥቅ ሲሆንስ? በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2010 የኤንብሪጅ ቧንቧ ሁለት ሜትር በሚሆን ርዝመት ተሰነጠቀ። በመቆጣጠሪያ ክፍሉ ማስጠንቀቂያው ይጮህ ነበር፤ ባለሙያዎቹ ግን በቧንቧው ውስጥ ክፍተት የተፈጠረ መስሏቸው ግፊቱን ለመመለስ ፓምፑን ሁለት ጊዜ አስነሡት። ከፈሰሰው 20,000 በርሜል ገደማ አብዛኛው የፈሰሰው በእነዚያ ሁለት ማስነሻዎች ነው። መፍሰሱ የታወቀው ከ17 ሰዓት በኋላ ሲሆን፣ የነገራቸውም የሌላ ኩባንያ ሠራተኛ ነበር። ከባዱ ድፍድፍ በካላማዙ ወንዝ ወለል ላይ ስለተኛ ጽዳቱ ዓመታት ወስዶ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ አስወጥቷል።

ለፍትሕ ያህል፣ የኡጋንዳው ድፍድፍ ሲፈስ ቀዝቅዞ ስለሚረጋ እንደ ቤንዚን ሩቅ አይሄድም የሚለው የደጋፊዎቹ ክርክር መሠረት አለው። በደረቅ መሬት ላይ ልቀበለው እችላለሁ። በክረምት በጎርፍ ወደ ሐይቅ በሚገባ ጅረት ላይ ሲሆን ግን፣ ጣና ዳር እምቦጭን በእጁ ሲነቅል የኖረ ሰው በሐይቅ ላይ የሚንሳፈፍን ነገር «በቀላሉ እንሰበስበዋለን» የሚለውን ቃል እንዴት ይመነው?


የፋግታ ባለዛፍ

እኔ የምጽፈው ከአዊ ነው። ይህን ሁሉ ክርክር ምን አመጣው? አገራችን ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክላለች፤ ጉባ ላይ ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ ተመርቋል። ከእንግዲህ ስለ ቧንቧ መከራከር ያለፈ ዘመንን ማስታመም አይሆንም?


ጎሐ ማዶ

ወንድሜ፣ ከፋግታ ከሰል ጭኖ አዲስ አበባ የሚገባው አይሱዙ በምን ይሄዳል? የመስኖ ፓምፑስ? መንገድ በተዘጋ ሰሞን አንድ ሊትር ቤንዚን በውኃ ላስቲክ በስንት ይሸጥ እንደነበር አንተም አትረሳውም።


የመራዊ ልጅ

በእኔ እይታ ከላይ ያልተነካ አንድ ጉዳይ አለ፤ መሬቱ። ፕሮጀክቱ ቧንቧ ባይሆንም ከሥር ከመሠረቱ የሚመሳሰል ነገር በቤተሰቤ ስለደረሰ ልንገራችሁ።

ወላጆቼ ከነበራቸው መሬት ሁለት ቃዳ በሚሆነው ላይ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ መስመር አለፈበት። ገማቾቹ መጥተው ባሕር ዛፉን ቆጠሩ፣ ጤፉን ለኩ፣ እናቴንም አስፈረሟት፤ «ከእንግዲህ ቋሚ ተክል አትትከሉ» ብለውም ሄዱ። ካሳው የተከፈለው ከሁለት መኸር በኋላ ነው፤ ዋጋው ግን በተቆጠረበት ቀን ዋጋ ነበር። በግምቱ ጊዜ ሁለት በሬ ይገዛ የነበረው ብር ሲከፈል አንዱን በሬ እንኳ በቅጡ አልገዛም። መሬቱ ዛሬም በደብተሩ ላይ የእናቴ ነው፤ ግብሩንም ትከፍላለች፤ ዛፍ መትከል ግን አትችልም። በእኛ አገር ባሕር ዛፍ ማለት ልጅ ሲዳር፣ ሰው ሲታመም የሚቆረጥ ባንክ መሆኑን የጎጃም ሰው ያውቃል። ለጠፋው ዛፍ ካሳ ተከፈለ፤ ለሚቀጥሉት ሠላሳ ዓመታት ሊተከል ይችል ለነበረው ግን ማንም አልከፈለም።

የተቀበረ ቧንቧም ከዚህ አይለይም። መሬቱ ተመልሶ ይደለደልና ሣር ይበቅልበታል፤ ከላይ ለሚያየው ምንም ያልተወሰደ ይመስላል። ነገር ግን ሥሩ ጠልቆ የሚሄድ ዛፍ አይተከልበትም፣ ቤት አይሠራበትም። በኡጋንዳና በታንዛኒያ ለቧንቧው መስመር ብቻ መሬቱ የተነካበት ባለይዞታ ከ13,000 በላይ ነው። የብዙዎቹ መሬት የተገመተው እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 ሲሆን ክፍያው ለዓመታት ዘግይቷል፤ በመካከሉ ቡናና ሙዝ የመሰለ ቋሚ ተክል እንዳይተክሉ የተነገራቸው ገበሬዎች የቤታቸው ገቢ እንደተቋረጠ ተናግረዋል። ኩባንያው ለመዘግየቱ ማካካሻ ጨምሬአለሁ ይላል። ይህን ዜና ሳነብ እናቴ ናት የታየችኝ።

በእኛ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 በቋሚነት ለሚነሣ ገበሬ ምትክ መሬት ካልተሰጠው፣ ባለፉት ሦስት ዓመታት ካገኘው ዓመታዊ ገቢ ከፍተኛው በአሥራ አምስት ተባዝቶ እንዲከፈለው ያዝዛል፤ በቀድሞው አዋጅ ማባዣው አሥር ነበር። መሻሻሉን አልክድም። ነገር ግን ማባዣው ቢያድግም የመነሻው ዋጋ የየትኛው ዓመት ነው የሚለው ጥያቄ ካልተፈታ፣ በአሥራ አምስት የተባዛ ያረጀ ዋጋ ያው ያረጀ ዋጋ ነው።

ስለዚህ መምህር፣ ተማሪዎችዎ «ቧንቧው ይሠራ ወይስ አይሠራ» ከሚሉ «መቼ ይገመት፣ መቼ ይከፈል» ቢሉ ለገበሬው የሚጠቅም ክርክር ይሆን ነበር።


ቆጋ

የምጣኔ ሀብት አስተማሪ ነኝ። የመራዊ ልጅ ያነሣው ልብ የሚነካ ቢሆንም፣ ካሳው በሰዓቱ ቢከፈል እንኳ ዋናው ጥያቄ አይዘጋም፤ ዋናው ጥያቄ የቀረው ገንዘብ የት ይገባል የሚለው ነው።

በዚህ ረገድ ከቻድ የበለጠ አስተማሪ ታሪክ አላውቅም። ከዶባ እስከ ካሜሩን ክሪቢ ወደብ የሚደርሰው 1,070 ኪሎ ሜትር ቧንቧ እ.ኤ.አ. በ2003 ሥራ ሲጀምር፣ የዓለም ባንክ ብድር የሰጠው በቅድመ ሁኔታ ነበር። በ1999 በወጣ ሕግ ከገቢው 10 በመቶ ለመጪው ትውልድ እንዲቀመጥ፣ ከቀሪው ትልቁ ድርሻ ለትምህርት፣ ለጤናና ለገጠር ልማት እንዲውል፣ 5 በመቶም ለአምራቹ አካባቢ እንዲሰጥ ተደነገገ። በወረቀት ላይ ያማረ ሕግ ነበር። ገንዘቡ መግባት ከጀመረ ሦስት ዓመት ሳይሞላ መንግሥት ሕጉን አሻሽሎ የመጪውን ትውልድ ተቀማጭ ሰረዘ፣ ጸጥታንም ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ዘርፎች ጨመረ። ባንኩ በጥር 2006 ብድሩን አገደ፤ በ2008 ቻድ ዕዳዋን ቀድማ ከፍላ ተሰናበተችው። ቧንቧው ከተቀበረ በኋላ የመደራደር አቅም ከአበዳሪው ወደ መንግሥት መዞሩን ልብ ይሏል።

ሁለተኛው ደቡብ ሱዳን ነው። ከመንግሥት ገቢ 98 በመቶው ከነዳጅ የነበረች አገር፣ በማስተላለፊያ ክፍያ ከሱዳን ጋር ተጣልታ በጥር 2012 ምርቷን ራሷ ዘጋች፤ ከዓመት በላይም ቆየ። በ2024 ደግሞ በሱዳን ጦርነት መካከል የሚያልፈው ዋናው ቧንቧ ለአንድ ዓመት ያህል ቆመ። ለፓምፕ ጣቢያዎቹ የሚሆን ናፍጣ በጦር ቀጠናው ሊደርስ ስላልቻለ ድፍድፉ በቧንቧው ውስጥ ረጋ ተብሏል። የመምህሩ ተማሪ «የጮቄ ቅቤ» ያለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

የአውሮፓውያኑ ግብዝነት እውነት ነው። ነገር ግን የነቃፊው ግብዝነት ዕቃውን ጥሩ ሸቀጥ አያደርገውም። ብዙ የምዕራብ ባንኮች ለዚህ ፕሮጀክት አናበድርም ማለታቸው ከአዘኔታ ብቻ የመጣ አይመስለኝም፤ ለሃያ አምስት ዓመት ታስቦ የሚቀበር ብረት በአሥራ አምስተኛው ዓመት የድፍድፍ ገበያ ቢቀንስበት ዕዳው በማን ላይ ይቀራል ብለው አስልተዋል። ኡጋንዳ ይህን ስሌት ሠርታ «ይሁን» ካለች መብቷ ነው፤ እኔ የምጠይቀው ስሌቱን ሕዝቡ አይቶታል ወይ ብቻ ነው።


የማርቆሱ መምህር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ክርክሩን «ደጋፊ» እና «ተቃዋሚ» በሚል መክፈሌ ስህተት እንደነበር ገብቶኛል። አሁን አንዱን ተማሪ የታንዛኒያ ገበሬ፣ አንዱን የቪክቶሪያ ዓሣ አጥማጅ፣ አንዱን የኡጋንዳ ገንዘብ ሚኒስቴር ሠራተኛ፣ አንዱን ደግሞ አበዳሪ አድርጌ ላስቀምጣቸው አስቤአለሁ፤ ቧንቧው ከመቀበሩ በፊት እያንዳንዱ ምን በጽሑፍ እንዲገባለት እንደሚፈልግ ይደራደሩ። የቻድን ሕግ ለገንዘብ ሚኒስቴሩ ልጅ አስቀድሜ አልነግረውም፤ ራሱ ሲያሻሽለው ማየት እፈልጋለሁ።

ጋሼ ጎሐ ማዶ፣ የሹፌሩን ወንበር የሚይዝልኝ አጣሁ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ክፍላችን ተገኝተው ለልጆቹ ቢናገሩልን?


ጎሐ ማዶ

ብመጣ ደስ ይለኛል፤ ግን እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ ቧንቧ ቢመጣ የሚቀርብኝ ነገር የለም። የልጅቱን አባት ጥሩት። ሐሙስ መንገድ ላይ ከሆነ ቀኑን ለውጡለት።